የካርድ ኮሚሽን ወረደ ተባለ፤ የእኔ ተቀናሽ ግን ያው ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። ደንበኛ ካርዱን ፖስ ማሽኑ ላይ ነካ ያደርጋል፣ ደረሰኙ ይወጣል፣ ሽያጩ ያልቃል። ነጋዴው አካውንት ውስጥ የሚገባው ብር ግን ከሸጠው ያነሰ ነው። ያ ልዩነት የት ይሄዳል? ሕግስ ምን ይላል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባንክ ውስጥ የነጋዴዎችን የካርድ ሒሳብ ሳወራርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉዳዩ ከልቤ የማይወጣውም ለዚህ ነው። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። የምሠራው የአውሮፓ ኅብረት አባል በሆነ አገር ነው። ሕጉ የካርድ ክፍያን በ0.2 እና በ0.3 በመቶ እንደገደበ አንብቤያለሁ። ከእኔ ላይ ግን 1.5 በመቶ ይቆረጣል። ባለፈው ወር በካርድ 9,000 ዩሮ ሸጬ 135 ዩሮ ተቀንሶብኛል። ስጠይቃቸው «ተመኑ ይሄ ነው» ብለው መለሱኝ። ሕግ እየጣሱ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ሕግ ጥሰዋል ለማለት አያስደፍርም። እርስዎም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። ሕጉ የገደበው እርስዎ የሚከፍሉትን ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም። ከውስጡ አንዷን ቁራጭ ብቻ ነው።

ከእርስዎ የሚቆረጠው ኮሚሽን ሦስት ቦታ ይከፋፈላል። አንዱ ለደንበኛው ካርድ ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። ይህ ኢንተርቼንጅ ይባላል። ሁለተኛው እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ላሉት የካርድ ኔትወርኮች ነው። ሦስተኛው ማሽኑን ሰጥቶ ገንዘቡን ለእርስዎ የሚያስገባው ባንክ ወይም ድርጅት፣ ማለትም የእርስዎ ተቀባይ ድርጅት፣ ለራሱ የሚያስቀረው ነው። 0.2 እና 0.3 በመቶ የተባለው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሕጉ በቁጥር አልገደባቸውም።

ሕግ አውጪዎቹ ኢንተርቼንጁን ለይተው የያዙት ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላ ገበያ ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ ገዢ ያገኛል። እዚህ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ተመኑን የሚያወጣው ኔትወርኩ ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ካርድ ሰጪው ባንክ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ በስምምነቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ነጋዴ ነው። ኔትወርኮቹ ባንኮችን ወደ ራሳቸው ለመሳብ ሲፎካከሩ ለባንኮቹ ከፍ ያለ ኢንተርቼንጅ ያቀርባሉ። ፉክክሩ በበረታ ቁጥር የነጋዴው ዕዳ ይጨምራል። የአውሮፓ ኮሚሽን በዲሴምበር 2007 በማስተርካርድ ላይ ውሳኔ የሰጠው በዚህ ጉዳይ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ያጸናው በሴፕቴምበር 2014 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በኤፕሪል 2015፣ እርስዎ ያነበቡት ደንብ ወጣ። ቁጥሩ 2015/751 ነው። ጣሪያዎቹ ከዲሴምበር 9 ቀን 2015 ጀምሮ መሥራት ጀመሩ፤ 0.2 በመቶ ለዴቢት ካርድ፣ 0.3 በመቶ ለክሬዲት ካርድ።

አሁን እስክሪብቶ ያንሱና አብረን እንቁጠር። ከ9,000 ዩሮው 7,000ው በግለሰቦች ዴቢት ካርድ፣ 1,500ው በግለሰቦች ክሬዲት ካርድ፣ 500ው ደግሞ በድርጅት ካርድ ተከፍሏል እንበል። የዴቢቱ ኢንተርቼንጅ ቢበዛ 14 ዩሮ ነው። የክሬዲቱ 4.50 ነው። የድርጅት ካርድ ጣሪያው ስለማይመለከተው በጣም ውድ አድርገን 2 በመቶ እንውሰድለት፤ 10 ዩሮ ይሆናል። ሲደመር 28.50 ዩሮ። የተቀነሰብዎ ግን 135 ነው። ስለዚህ 106.50 ዩሮው የሄደው ለኔትወርኩና ለተቀባይ ድርጅትዎ ነው።

ይህ ማለት 106.50ው በሙሉ ያለ አግባብ ተወስዷል ማለት አይደለም። ማሽን፣ መስመር፣ የማጭበርበር ጥበቃ፣ ሠራተኛ፣ ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህን ቁጥር ከዛሬ በፊት ያሳየዎት ሰው ነበር?

እርስዎ የሚከፍሉት «አንድ ወጥ ተመን» የሚባለውን ነው። ለዴቢቱም፣ ለክሬዲቱም፣ ለድርጅት ካርዱም ያው 1.5። ለአያያዝ ይመቻል፤ ሒሳቡ በአንድ መስመር ያልቃል። ግን ሕግ ኢንተርቼንጁን ሲያወርደው ቅናሹ እዚያው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ብሪታንያ ውስጥ የክፍያ ሥርዓቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገበያውን መርምሮ በ2021 ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ ነው ያገኘው። ከጣሪያው መውረድ የተጠቀሙት በጣም ትልልቆቹ ነጋዴዎች ናቸው። ትንንሾቹና መካከለኞቹ ያገኙት ቅናሽ ወይ ጥቂት ነው ወይ ምንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሕጉ ሲወጣ ስሙ የተነሳው የትንሹ ነጋዴ ነበር።

መፍትሔ አለ፤ እሱም እዚያው ደንቡ ውስጥ ነው። አንቀጽ 9 ተቀባይ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ የካርድ ዓይነትና ብራንድ ተመኑን ለይቶ እንዲያቀርብና ለይቶ እንዲያስከፍል ያዛል። ከዚህ የሚወጣው ነጋዴው ራሱ በጽሑፍ «አንድ ወጥ ይሁንልኝ» ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ውልዎን ያውጡና ይፈልጉ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ፣ ፊደሉ ባነሰበት ቦታ፣ «ነጋዴው ወጥ ተመን እንዲሆንለት ጠይቋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ብዙ ሰው የፈረመው ሳያነበው ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ በየሽያጩ ኮሚሽኑና ኢንተርቼንጁ ተለይተው እንዲነገሩዎ መብት ይሰጥዎታል። ከፈለጉ በየወሩ ተጠቃሎ ሊመጣልዎ ይችላል።

አንድ ሰው ላጫውትዎ። ባንክ በነበርኩ ጊዜ አንድ አዛውንት ነጋዴ ሒሳባቸውን በላስቲክ ፎልደር ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። የሁለት ዓመት ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ተቀናሽ ሥር በእርሳስ አስምረዋል። ከጎኑ በጥቃቅን ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት አለ፤ ገጽ በገጽ፣ ወር በወር። «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። ውላቸው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የተፈረመ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኩ ለካርድ ሰጪዎቹ የሚከፍለው ቀንሷል፤ የእሳቸው ተመን ግን ንቅንቅ አላለም። አራት መስመር ደብዳቤ ጻፍን። በሦስተኛው ሳምንት ተመናቸው ወረደ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ መጠየቅ የነበረባቸው መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሒሳብ በየወሩ የማወራርደው እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ማናችንም አልነገርናቸውም፤ እኔም ጭምር።

የእርስዎም ደብዳቤ ከዚያ አይርዘም። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «በደንብ ቁጥር 2015/751 አንቀጽ 9 መሠረት ወጥ ተመኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ የካርድ ዓይነት ተለይቶ እንዲሰላልኝ እጠይቃለሁ። ያለፉት ሦስት ወራት ኮሚሽን ኢንተርቼንጅ፣ የኔትወርክ ክፍያና የእናንተ ድርሻ ተለይቶ በጽሑፍ ይላክልኝ።» መልሱን ይዘው ሌላ ተቀባይ ድርጅት ጋ ዋጋ ይጠይቁ። ሁለት ወረቀት በእጅዎ ሲኖር ንግግሩ ይለወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ደንበኞችዎ አብዛኞቹ የድርጅት ካርድ የሚይዙ ከሆኑ ተለይቶ መሰላቱ ሊጎዳዎትም ይችላል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ይዩ፣ ከዚያ ይወስኑ። የድርጅት ካርዱ ከከበደዎት ያለመቀበል መብት አለዎት። የግለሰቦቹን ስለተቀበሉ ብቻ የድርጅቱንም እንዲቀበሉ ኔትወርኩ ሊያስገድድዎ አይችልም። የማይቀበሉትን ግን መግቢያው ላይና ሒሳብ መክፈያው ጋ በግልጽ ይለጥፉ፤ ይህም የሕጉ ትእዛዝ ነው።

ጥያቄ፦ ያለሁት አሜሪካ ነው። ብዙው ሽያጬ አምስት፣ ስድስት ዶላር ነው። በ2011 የዴቢት ካርድ ክፍያን የሚቀንስ ሕግ ወጣ ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ እኔ ላለ ሰው ግን የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር አላየሁም። ከአሥር ዶላር በታች በካርድ አልቀበልም ብል ያስጠይቀኛል?

መልስ፦ የታዘቡት እውነት ነው። ምክንያቱ ያለው ሕጉ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

የደርቢን ማሻሻያ የሚባለው ነው፤ በሴናተሩ ስም የተጠራ። ዶድ ፍራንክ በተባለው ትልቅ የፋይናንስ ሕግ ውስጥ ገብቶ በጁላይ 2010 ተፈረመ። ቁጥሩን ያወጣው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ነው፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2011 ጀምሮም ተሠራበት። ጣሪያው በእያንዳንዱ ሽያጭ 21 ሳንቲም፣ በላዩ ከሽያጩ 0.05 በመቶ ነው። ማጭበርበርን ለመከላከል የሚሠሩ ባንኮች አንድ ሳንቲም ይጨመርላቸዋል። የሚመለከተውም 10 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ሀብት ያላቸውን ባንኮች ብቻ ነው።

የመቶ ዶላር ሽያጭ ላይ ሲሰላ 27 ሳንቲም ይመጣል። ከሕጉ በፊት በአማካይ ወደ 44 ሳንቲም ስለነበር ትልቅ ዕቃ የሚሸጠው ተገላገለ። የእርስዎን የአምስት ዶላር ሽያጭ ደግሞ እንይ። 21 ሳንቲም፣ ሩብ ሳንቲም፣ አንድ ሳንቲም፤ በድምሩ 22.25 ሳንቲም። ከአምስት ዶላር ላይ 4.45 በመቶ ማለት ነው። ከሕጉ በፊት ኔትወርኮቹ ለትንንሽ ሽያጭ የተለየ ዝቅተኛ ተመን ነበራቸው። ሕጉ ሲወጣ ያንን አነሱትና ጣሪያውን የሁሉም መደበኛ ዋጋ አደረጉት። የሕጉ አሳብ ይህ አልነበረም። ግን ጣሪያው በመቶኛ ሳይሆን በሳንቲም ሲቆረጥ ትንሽ የሚሸጥ ሰው እንደሚጎዳ አስቀድሞ ሊታይ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደንቡን የተከራከረውም አነስተኛ ነጋዴ ነው። ኮርነር ፖስት የተባለ ሰሜን ዳኮታ ያለ የከባድ መኪና ማረፊያና ሱቅ፣ በ2018 የተከፈተ፣ የፌዴራል ሪዘርቭን ከሰሰ። «ደንቡ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፏል፣ ጊዜው አብቅቷል» ተባለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 1 ቀን 2024 በስድስት ለሦስት ድምፅ ጊዜው መቆጠር ያለበት ነጋዴው ከተጎዳበት ቀን ነው ብሎ ፈረደለት። ይህ ስለ ተመኑ ትክክለኛነት የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ የመክሰሻ በሩን ነው የከፈተው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፦ በክሬዲት ካርድ ለሚከፈል ሽያጭ እስከ 10 ዶላር ድረስ ዝቅተኛ መጠን ማስቀመጥ ይችላሉ። ይህን መብት የሰጠዎት ያው የ2010ሩ ሕግ ነው። ለሁሉም ኔትወርክና ለሁሉም ባንክ እኩል ይሁን እንጂ። ለዴቢት ግን አይሠራም፤ የኔትወርኮቹ ደንብ ይከለክላል። ማስታወቂያዎ «ካርድ ከ10 ዶላር በታች አንቀበልም» ከሚል «ክሬዲት ካርድ» ብሎ ይለይ። ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ መስጠትም ሕጋዊ ነው።

ክሬዲት ካርዱ ላይ ያለው ክፍያ ራሱ በፌዴራል ሕግ አልተገደበም። በ2022 ፉክክር ለማምጣት አንድ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ያላቸው ባንኮች ካርዳቸው ላይ ቢያንስ ሁለት ኔትወርክ እንዲፈቅዱ፣ አንዱም ከቪዛና ከማስተርካርድ ውጭ እንዲሆን የሚል ነው። አልጸደቀም። በ2023 እንደገና ቀረበ፤ በዚያ የምክር ቤት ዘመንም አላለፈም።

ኢሊኖይ ግዛት በ2024 ያወጣውን ሕግ ሳልጠቅስ ግን አላልፍም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ኮሚሽን የሚሰላው ከታክሱ ጋር ባለው ጠቅላላ ድምር ላይ ነው። ታክሱ የነጋዴው ገንዘብ አይደለም፤ ለመንግሥት ሰብስቦ የሚያስገባው ነው። ለሠራተኛ የሚተው ጉርሻም እንዲሁ። ያልተጠቀመበት ገንዘብ ላይ ኮሚሽን ይከፍላል ማለት ነው። የኢሊኖይ ሕግ በታክስና በጉርሻ ላይ ኢንተርቼንጅ እንዳይታሰብ ይከለክላል። ባንኮቹ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የሚጸናበት ቀንም ከጁላይ 2025 ወደ ጁላይ 2026 ተገፋ። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ አውስትራሊያ ነኝ። ኮሚሽኑን በደንበኛው ሒሳብ ላይ ደምሬ ባስከፍል ይፈቀዳል? አውሮፓ ያለች እህቴ ክልክል ነው ትለኛለች።

መልስ፦ እህትዎ ያሉት ለእሳቸው አገር ትክክል ነው። በአውሮፓ ኅብረትም በብሪታንያም ከጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ወዲህ በግለሰቦች ቪዛና ማስተርካርድ ላይ ጭማሪ መጠየቅ ተከልክሏል።

አውስትራሊያ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። ኔትወርኮቹ «ጭማሪ አትጠይቁ» የሚለውን ደንባቸውን እንዲያነሱ ማዕከላዊ ባንኩ ያደረገው በ2003 ነው። አሳቡ ደንበኛው የካርዱን ዋጋ በዓይኑ አይቶ ርካሹን እንዲመርጥ ነበር። ከዚያ አንዳንዶች ከሚከፍሉት በላይ መጨመር ጀመሩ። በ2016 የወጣው ሕግ ጭማሪው ነጋዴው ከሚያወጣው ወጪ እንዳይበልጥ አገደ፤ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮም ትንንሾቹን ጭምር ይመለከታል። ወጪዎ ስንት እንደሆነ መገመት አያስፈልግዎትም። ተቀባይ ድርጅትዎ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ አማካይ ወጪዎን በጽሑፍ የመላክ ግዴታ አለበት። ያ ወረቀት ዴቢቱ 0.6 ክሬዲቱ 1.1 ካለ፣ በሁለቱም ላይ 1.1 መደመር አይቻልም። ማዕከላዊ ባንኩ በጁላይ 2025 ጭማሪውን ጨርሶ ለማስቀረት ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝርዎን ከማሳተምዎ በፊት የመጨረሻውን ውሳኔ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ ደንበኛ ነኝ። በካርድ ስከፍል ባለ ሱቁን እየጎዳሁት ነው? ከምወደው ሱቅ ስገዛ ቅር ይለኛል።

መልስ፦ ቅር አይበልዎ። ጥሬ ገንዘብም በነጻ አይያዝም፤ ይቆጠራል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ባንክ ለማድረስ ሰዓት ይበላል። ብዙ ነጋዴ ካርድ የሚቀበለው ስለሚጠቅመው ነው።

ልዩነት የሚያመጣው የሚያወጡት ካርድ ዓይነት ነው። ነጥብ የሚያጠራቅም፣ የአውሮፕላን ትኬት የሚሸልም ክሬዲት ካርድ ሲሰጡ ሽልማቱን የሚሸፍነው በአብዛኛው ከነጋዴው የሚቆረጠው ኢንተርቼንጅ ነው። ጣሪያ በሌለበት አገር ደግሞ ሽልማቱ በበዛ ቁጥር ተቀናሹም ይበዛል። ሁለት ካርድ ከያዙና ግዢው ከፍ ያለ ከሆነ ዴቢቱን ይስጡ። በጣም ትንሽ ነገር ሲገዙና ዝርዝር ኪስዎ ውስጥ ካለ ጥሬውን ይክፈሉ። ካልሆነም በጥያቄ ይጀምሩ፦ «በየትኛው ብከፍል ይሻልሃል?» ይበሉት። የአምስት ሰከንድ ነገር ነው፤ መልሱንም ወዲያው ይነግርዎታል።